በእግሩ የመጣው ጎሚስታ

ታክዮ በየቀኑ ጠዋት የመጀመሪያውን ከመነዳሪ ይነፋና ውሃ በሞላበት ግማሽ በርሜል ውስጥ ይነክረዋል። በሁለት እጁ ቀስ እያለ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። አረፋ ካላየ ጎማውን ከውሃው አውጥቶ ወደ ፊቱ ያስጠጋና በዓይኑ ሥር ያዞረዋል፤ ጣት የማይለየውን ቀጭን ነፋስ የዓይን ቆብ ይለየዋል። ቀዳዳውን ሲያገኝ በጠመኔ ክብ ይስልበታል፣ በሞረድ ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ቀብቶ ልጣፊ ያስቀምጥበታል፣ በላዩም ከአውቶብስ ሞተር የወጣ አሮጌ ፒስተን ጭኖ በብሎን ያጠብቀዋል። ፒስተኑ ውስጥ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ ክብሪት ይጭራል። እሳቱ ነዶ ሲያበቃ ልጣፊው ይዟል፤ ትኩሱን ጎማ መልሶ ውሃው ውስጥ ይነክረዋል።

ሙሉ ስሙ ዩስታክዮ ነው። በሌይቴ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ፣ ወደ ወደቡ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ጎሚስታ ነው። ሃምሳን ተሻግሯል። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ የጀመረውን ንግግር ሳይጨርስ የመተው ልማድ ያለው ሰው ነው።

ሥራው ይህ ብቻ ቢሆን ስለ እሱ የሚወራ ብዙ ነገር አይኖርም ነበር። ግን ታክዮ ሱሂ ነው፤ ከእናቱ ማህፀን በእግሩ የመጣ። እንዲህ የተወለደ ሰው እጅ ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ የዓሣ አጥንት ያወርዳል፣ ወለምታ ያቃናል። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤት ሲያንቀው ይጠሩታል። ሄዶ በግራሶ በጠቆረ ጣቱ ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች ዳበስ ዳበስ ያደርጋል፤ አጥንቱ ይወርዳል፤ እሱም ወደ ጎማው ይመለሳል። ሥራ ብሎ አስቦት አያውቅም ነበር።

ሥራ ወደ መሆን የሄደው አቤልዮ የሚባለው የባለ ሦስት እግር ሞተር ነጂ ክሪክ አምልጦት ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ዕለት ነው። ታክዮ እዚያው ጎማዎቹ መሃል አስቀምጦ በኮኮናት ዘይት አሸው። አቤልዮ ተነስቶ ረገጠ። ረግጦም ያን ቀን የጫናቸውን መንገደኞች ሁሉ ሲነግር ዋለ። በማግሥቱ ወገቧን የያዘች ሴት መጣች፤ ከእሷ በኋላ እህቷ፣ ከእህቷ በኋላ የእህቷ አማት። ጥቂት ወራት ሲያልፉ በሱቁ ፊት በተደረደሩት ያረጁ ጎማዎች ላይ ሁለት ዓይነት ደንበኛ ይቀመጥ ጀመር።

"ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ" ይላል ቸርኬ የታቀፈው።

"የአንተ ጎማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አድሯል?" ትላለች አንገቷ አልዞር ያላት።

"ጎማዬ ባያቃስት ተሳፋሪዎቼ ያቃስታሉ።"

"ኖንግ ታክዮ፣ እጅዎን ይታጠቡልኝ እንጂ! ባለፈው ቤቴ ስገባ ባሌ 'ከየትኛው አውቶብስ ሥር ወጣሽ' ነው ያለኝ" ትላለች ያቺው ሴት፤ በዕድሜ የሚበልጥን ወንድ ኖንግ ብለው ነው የሚያከብሩት።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነበር። በእሳት የዋለ እጅ ሳይበርድ ውሃ ከነካው ፓስማ የሚሉት ሕመም ይይዘዋል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጅማቱ ይገታተራል። ጎሚስታ ደግሞ ከእሳት ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ እሳት ሲል ነው የሚውለው። ለጎማው ግድ የለም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ግን የታመመ ገላ ላይ አይጫንም። ከዝናቡ ወቅት ወዲህ ሚስቱ ፊሊሳ ራት ላይ የታክዮ ማንኪያ ከሳህኑ ጋር ሲንኳኳ ትሰማ ነበር።

"አንዱን ምረጥ" አለችው። "ወይ ጎማ፣ ወይ ሰው።"

"ጎማው እኮ..."

"ጎማው ምን?"

"ጎማ ቀዳዳው ይታያል። ሰው ግን 'እዚህ ጋ ነው' ይለኛል፣ ስነካው እዚያ ጋ አይደለም።"

"እናትህ በእግርህ ያመጣችህ የአውቶብስ ጎማ እንድትለጥፍ ነው?"

ታክዮ ሁለቱን ሥራዎች እያመዛዘነ ጥቂት ሳምንታት አሳለፈ፤ በመጨረሻ ሰውን መረጠ። ከጎረቤት ከተማ ሮዴልዮ የሚባል መካኒክ ኮምፕሬሰሩን ለመግዛት ተስማማ፤ ከሰፈሩ በዓል በኋላ በሚመጣው ሰኞ መጥቶ ይጭነዋል። ኮምፕሬሰር የሌለው ጎሚስታ ጎሚስታ አይደለም። ታክዮ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚያን ጊዜ በእጁ ላይ የነበረው ከባዱ ሕመምተኛ ዓሣ አጥማጁ ሳባስ ነው። ከጾሙ ወራት ጀምሮ ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ ብሎት መረብ መጣል አቁሞ ነበር። ጀልባው አሸዋው ላይ ተደፍታ ትውላለች። ታክዮ እያመላለሰ ሲያሸው ክንዱ በትንሽ በትንሹ ወጥቶ ጆሮው ደርሷል። ሳባስ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ እጁን እያነሳ ያሳያል፤ ሰዎቹም ሰላም ያላቸው እየመሰላቸው መልሰው እጃቸውን ያነሱለታል።

የሰፈሩ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ሐሙስ ዋለ። ለበዓሉ የታክዮ እናት ታላቅ እህት፣ ቲያ ኮንሶርሲያ፣ ከሴቡ ደሴት በመርከብ መጣች። አንድ ጆሮዋ አይሰማም፤ የቀረው ሁሉ ደህና ነው። ቤተሰቡ በተጠበሰው አሳማ ዙሪያ ተቀምጦ ሳለ ፊሊሳ ወሬውን አወጣችው።

"ቲያ፣ ታክዮ ከሰኞ ጀምሮ ጎማ ሊተው ነው። ሙሉ ወጌሻ ሊሆን ነው።"

"ወጌሻ? ማን አስተማረው?"

"ምን ይማራል ቲያ? ሱሂ አይደል እንዴ!"

"ማን?"

"ታክዮ ነዋ!"

"ማን?"

ፊሊሳ ተነስታ ወደ ደህናው ጆሮዋ ጎንበስ አለችና ጮኸች።

"ሰምቻለሁ፣ አትጩኺብኝ" አለች አሮጊቷ። "ታክዮ በጭንቅላቱ ነው የወጣው። ያውም እንዴት ያለ ጭንቅላት! እናቱን ሊገድላት ነበር። በእግሯ የመጣችው ይቺ ናት።" በሹካዋ ወደ ሎሬታ ጠቆመች።

ሎሬታ የታክዮ ታላቅ እህት ናት፤ ገበያ ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች። በዚያ ሰዓት የአሳማ ቆዳ እየቆረጠመች ነበር። መቆርጠሟን አላቆመችም።

"እኔ?"

"አንቺ። አዋላጇ እጇ ዝሎ እግርሽን ይዤ የሳብኩሽ እኔ ነኝ። ዝናብ ነበር፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ፋኖሱን ያንቺ አባት ይዞ እያለቀሰ ነበር።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሰው ሁሉ ሲስቅ ታክዮ አልሳቀም። ታዲያ እሱ ሱሂ የተባለው እንዴት እንደሆነ አሮጊቷን ጠየቃት። ቲያ ኮንሶርሲያ ሩዟን እየበላች ነገረችው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አንድ ጎረቤት የዓሣ አጥንት ተሰንቅሮበት ዓይኑ እየፈጠጠ መጣ። እናታቸው ሎሬታን ፈለገች፤ ሎሬታ ግን ጆሮ ደግፍ ይዟት ተኝታለች። እናትየዋ "ያው የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው" ብላ የታክዮን እጅ ይዛ የሰውዬውን ጉሮሮ አስዳበሰችው። አጥንቱ ወረደ። ሰውዬው ወጥቶ ስለ ትንሹ ልጅ እጅ ለመንደሩ ሁሉ አወራ።

"ከዚያ በኋላ 'ይሄ አይደለም፣ ያቺኛዋ ናት' ብሎ ማን ያስተባብላል?" አለች። "እናትህም ዝም አለች። እኔም አግብቼ ሴቡ ሄድኩ።"

"ዶንግ" አለች ሎሬታ ወንድሟን፣ "የእኔን ስጦታ ይዘህ ነዋ ሰው ስታሽበት የኖርከው!"

"ናንግ፣ እኔ አላወቅኩም፣ እኔ እኮ..."

"ቀልዴን ነው። ብላ።"

አልበላም። አሮጊቷ ተሳስታ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ግን ዝናቡን፣ ጣሪያውንና ፋኖሱን ያስታወሰች ሴት የትኛው ልጅ እንደነበረ ትረሳለች ማለት ከበደው። ያኔ የአቤልዮ ቁርጭምጭሚት ምን ሆኖ ነው የዳነው? ምናልባት ከመጀመሪያውም ብዙ አልተጎዳም። ጉሮሮዎቹስ? አንድ ጉርሻ ሩዝ ሳያኝክ የዋጠ ሰውም አጥንት ይወርድለታል፤ ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የሴቶቹ ወገብስ? እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ይቆማል፤ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ እንደገና ይጀምራል።

"ለማንም እንዳትናገር" አለችው ፊሊሳ ሳህኖቹን እየሰበሰበች። "የሰማው ቤተሰብ ብቻ ነው።"

አርብ ጠዋት ሳባስ መጥቶ ሸሚዙን አወለቀና እንደ ልማዱ ትልቁ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ታክዮ ዘይቱን ቀባ፤ አውራ ጣቱን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ሌላ ጊዜ ጣቱ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ ነበረው፤ አሁን ወደየት ልሂድ ብሎ የሚጠይቀው መሰለው።

"ምነው፣ አንቀላፋህ እንዴ?" አለ ሳባስ።

"ኖንግ ሳባስ፣ እኔ ሱሂ አይደለሁም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"በጭንቅላቴ ነው የመጣሁት አሉ። ሱሂዋ ሎሬታ ናት።"

"ማነው ያለው?"

"ቲያ ኮንሶርሲያ። አዋልጃለሁ ነው የምትለው።"

ሳባስ ክንዱን አነሳ። አገጩ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ሞከረ፤ እዚያው አገጩ ላይ ቆመ።

"አየህ? ትናንት ጆሮዬ ደርሶ ነበር!"

"ገና ስላልሞቀ ይሆናል፣ ትንሽ ላሽልዎትና..."

"በምንህ ነው የምታሸኝ? እስከ ዛሬስ በምንህ ነበር?"

ሸሚዙን በግራ እጁ ጎትቶ ለበሰና ሄደ።

ታክዮ ሱቁን ክፍት ትቶ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ነርሷን አርሴሊታን ያውቃታል፤ ያበጠና የተጣመመ ነገር ሲገጥመው ሳይነካ ወደ እሷ ይልካል፤ እሷም ስለዚህ ታከብረዋለች።

"ማም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ነርስ መሆንዎን በምን ያውቃሉ?"

"በምን አውቃለሁ? ተምሬ ተፈትኜ ነዋ። ይኸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።"

"ያ የተሰቀለው የእህትዎ ነው ቢሉዎትስ?"

አርሴሊታ መርፌዎቹን መደርደር ትታ አየችው። "ኖንግ፣ ምን ሆነዋል?"

ነገራት። የሳባስን ክንድ ነገር ጨምሮ ነገራት። ሳቋን ለመያዝ እንደሞከረች ታየው፤ ግን አልሳቀችም።

"እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው" አለች። "ያ ትከሻ መንቀሳቀስ ካቆመ መልሶ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ መረብ የለም። በማንም እጅ ይሁን፣ እንዳያቋርጥ። የቀረውን እንጃ። እኔ ራሴ በእግሬ ልምጣ በጭንቅላቴ እናቴን ጠይቄያት አላውቅም።"

ሲወጣ ከገባበት ጊዜ የተሻለ የገባው ነገር አልነበረም፤ ትከሻው ሊደርቅ እንደሚችል ብቻ አወቀ።

ሳባስ በበኩሉ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሄዶ የሎሬታ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

"ምን ልስጥዎት፣ ኖንግ ሳባስ?"

"ዓሣ አይደለም የፈለግኩት። ትከሻዬን ንኪልኝ።"

ዙሪያውን ያሉት ዓሣ ሻጮች አስካኩ። "ኧረ ሎሬታ፣ ባልሽ እንዳይሰማ!"

"ከሰማ መጥቶ እሱም ይንካላቸው" አለች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትከሻው ላይ አሳረፈች። "ይኸው ነካሁዎት።"

ሳባስ ክንዱን አነሳ፤ አገጩ ላይ ቆመ። ሎሬታ በሁለት እጇ ነካችው፤ አሁንም አገጩ ላይ ቆመ። አንዷ "እጅሽ የዓሣ ቅርፊት ስላለበት ነው፣ ታጠቢ" አለች። ሌላዋ "ሱሂነት ካልሠሩበት ይዝጋል" አለች። ሎሬታ የሳባስን ፊት አየች፤ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ፊት ነበር። ጠረጴዛዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ በደህናው ክንዱ ያዘችውና እየጎተተች ወደ ታክዮ ሱቅ ወሰደችው።

ታክዮ የአንድ ሞተር ጎማ እየለጠፈ ነበር።

"ዶንግ፣ እሳቱን ተወው። እኔ እነካለሁ፣ አንተ ታሻለህ።"

"እጄ ገና ትኩስ ነው። ይብረድ።"

"እስኪበርድ እንጠብቃለና።"

ሦስቱም ጎማዎቹ ላይ ተቀምጠው የታክዮ እጅ እስኪበርድ ጠበቁ። ሳባስ ማንንም አላየም፤ ባሕሩን ያይ ነበር።

"ግን ሁለታችን እንዴት አድርገን ነው አብረን..." አለ ታክዮ።

"እንዴት እንደሆነ እኔ ምን አውቄ? እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ። ዓሣዬ ፀሐይ ላይ ነው፣ ቶሎ በል።"

መዳፏን የሳባስ ማጅራት ላይ አስቀመጠች። ታክዮ ዘይት ቀብቶ ከትከሻው አጥንት ሥር ጀመረ። ሎሬታ ስለ በረዶ መወደድ፣ ስለ አዲሱ የገበያ ኃላፊ፣ ጎረቤቷ አሁን ምን ያህል ዓሣዋን እያበላሸችባት እንደሆነ ስታወራ እሱ ጣቱን ረሳው። ጣቱም የሚያውቀውን ቦታ አግኝቶ ገፋ። ሳባስ አንዴ አቃሰተ። ከዚያ ክንዱን አነሳ። አገጩን አለፈ፣ ጆሮውን አለፈ፣ ቀና ብሎ የገዛ እጁን ከራሱ በላይ አየው።

"ሎሬታ" አለ፣ "እግዚአብሔር ይስጥሽ።"

"እኔ ምን አደረግኩ? እጄን ነው ያስቀመጥኩት።"

"ዋናው እሱ ነው።"

ለታክዮ ምንም አላለውም። ክንዱን እያወረደና እያነሳ በመንገዱ ወረደ። ሎሬታም ወደ ዓሣዋ ሮጠች።

ታክዮ በዘይት እንደራሰ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። የሎሬታ እጅ ነው ካለ፣ እሷ ሳትነካው ክንዱ ጆሮ የደረሰው እንዴት ነበር? ደግሞስ ገበያ ላይ ብቻዋን ስትነካው ለምን አገጭ ላይ ቆመ? የራሱ እጅ ነው ካለ፣ አርብ ዕለት ምን ነካው? ሳባስ ስላመነ ነው ካለ፣ ወጌሻ ለምን ያስፈልጋል? አንዱን መልስ ይዞ እስከ ጫፉ ሲሄድ ሌላው ከኋላው ይጠራዋል።

"ክንዱ ተነሳ አይደል?" አለች ፊሊሳ።

"ተነሳ።"

"ታዲያ ምን ቀረህ?"

"ማን እንዳነሳው።"

"ሳባስ ነዋ! የገዛ ክንዱ አይደል?"

ይህንንም አሰበበት፤ አልጠቀመውም።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ሎሬታን አብራው እንድትሠራ ለመናት። "ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ስገላብጥ ኖሬ አሁን የሰው ወገብ ልገላብጥ?" አለችው። በኋላ ፊቱን ስታይ ለዘብ አለች። "ረቡዕ ረቡዕ ዓሣ አይገባም። ረቡዕ እመጣለሁ። ሳባስም ረቡዕ ይምጣ። በሌላ ቀን ለሚመጣው ግን እኔ የለሁበትም።"

ሰኞ ሮዴልዮ መኪናውን የኋሊት አስጠግቶ ወረደ።

"አንድ ሳምንት ብትታገሰኝስ?" አለው ታክዮ።

"ምነው ኖንግ፣ ችግር አለበት?"

"ኮምፕሬሰሩ? የለበትም፣ እሱ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"እንጃ። ያልገባኝ ነገር አለ። ሰዉን እያሸሁ... ማለቴ፣ እኔ ልሁን ሌላ ሰው..."

ሮዴልዮ ጠበቀ፤ ቀሪው አልመጣም። "ኖንግ፣ እኔ የማስቀምጥበትን ሲሚንቶ እንኳ አፍስሻለሁ። ልጫነው ወይስ ልመለስ?"

ታክዮ እጆቹን አየ። ከቅዳሜ ወዲህ እሳት አልነኩም፤ አይንቀጠቀጡም። ረቡዕ የሳባስ ትከሻ ይጠብቀዋል፤ የነርሷ ነገር ትዝ አለው። "ጫነው" የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ገና እየወሰነ ነበር። በአንድ በኩል ራሱ ይዞ አነሳው፤ ሮዴልዮ በሌላው በኩል። መኪናው ከሄደ በኋላ ኮምፕሬሰሩ የነበረበት ቦታ ላይ የዘይት ክብ ቀረ። ፊሊሳ በመጋዝ ብናኝ ሸፈነችው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ጉልበቷን ይዛ እያነከሰች መጣች። ወሬው ከገበያው ደርሷት ነበር።

"ናንግ ሎሬታ የለችም?"

"ገበያ ናት። የምትመጣው ረቡዕ ነው።"

ሴትዮዋ መንገዱን አየች፣ ጉልበቷን አየች። "እስከ ነገ አልችልም" አለችና ጎማው ላይ ተቀመጠች።

ታክዮ መዳፉ ላይ ዘይት አፍስሶ ማሸት ጀመረ።